የባሻ ማንገቻና የእኔ አፍንጫ

የኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ሞጣ ውስጥ አንድ የጠመንጃ ማንገቻ አሽትቼ «ይህ የውሸት ነው» አልኩ።

በዚህ አገር አዋቂ ለመባል ስለማያውቁት ነገር አንድ ጊዜ ጋዜጣ ላይ መጻፍ ይበቃል። እኔ ባለፈው ክረምት ስለ አሮጌ ጠመንጃዎች ግማሽ ዓምድ ጽፌ ነበር፤ እሱንም ሰው ነግሮኝ ነው። ታዲያ ለሌላ ሥራ ቢቸና በሄድኩበት «የመሣሪያ አዋቂው መጣ» የሚለው ወሬ ቀድሞኝ ሞጣ ገባና ሽማግሎች መልእክተኛ ላኩብኝ። እምቢ ማለት ነበረብኝ። እናንተ ብትሆኑ እምቢ ትሉ ነበር? … አትዋሹ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሻ አያሌው የሚባሉ ሰው በጠላት ጊዜ ከጣሊያን ወታደር የማረኩት ምንሽር ነበራቸው። ሲታመሙ ጠመንጃውን ከንስሐ አባታቸው ከአባ ገብረ ሥላሴ ዘንድ በአደራ አስቀመጡት፤ የቆዳ ማንገቻው ግን አብሮ አልሄደም። ኑዛዜያቸውም አጭር ነበር፤ ጠመንጃዬን ማንገቻውን ጠብቆ ያቆየ ይውሰደው ብለው ዐረፉ። አርባቸው እንደ ወጣ ሁለት ሰው ሁለት ማንገቻ ይዞ ቀረበ። አንዷ ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩወርቅ ናቸው፤ የባላቸው ጠመንጃ ከቤታቸው እንዳይወጣ ይፈልጋሉ። ሌላው የባሻ ታናሽ ወንድም ታደገ ነው፤ እሱን ደግሞ ቢቸና ላይ ገዢ ይጠብቀዋል።

አጉሊ መነጽሬን አወጣሁ፤ ማስታወሻ ደብተሬን ገለጥኩ። የታደገ ማንገቻ ወፍራም፣ ጥቁርና አብረቅራቂ ነው። ዘለበቱ ላይ የፈረንጅ ፊደልና ቁጥር አለበት፤ ዘይት ዘይት ይሸታል። «የፋብሪካ ዘለበት፣ የመሣሪያ ዘይት። እውነተኛ» ብዬ ጻፍኩ። የወይዘሮዋ ቀጭን ነው፤ መሐሉ ተለጥጧል፣ ጠርዙ ተበልቷል፣ ሽታው ደግሞ … ቅቤ። «አይጥ የበላው የአገር ቤት ሥራ» ብዬ ጻፍኩና ጮክ ብዬ አነበብኩት። የጣሊያን ወታደር ቅቤ እንደማይቀባም ለሽማግሎቹ አስረዳሁ።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ አልተቆጡም፤ የማንገቻውን ታሪክ ነገሩን። ባሻ ከጫካ ሲመለሱ ጠመንጃው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ ማንገቻው ግን ሥራ አልፈታም። የአንቀልባቸው ጠፍር ቢበጠስባቸው እሱን ተኩበት፤ ስድስት ልጅም አዘሉበት። ቅቤው ከገዛ ጸጉራቸው በፀሐይ እየቀለጠ ትከሻቸው ላይ የወረደ ነው።

«አይጥ ያልከው ደግሞ» አሉኝ፣ «ሦስተኛው ልጄ ነው። አሁን ግንደወይን አስተማሪ ነው።»

ሽማግሎቹ ሳቁ። ታደገ ግን ተረት አትስሙ፣ አዋቂው ተናግሯል ብሎ ተከራከረ። እኔም ያልኩትን ማረም የማልወድ ሰው ነኝና በቃሌ ጸናሁ። ክርክሩ እየጦፈ ሄዶ እኩለ ቀን አለፈ።

በመጨረሻ ወይዘሮዋ ወደ ንስሐ አባታቸው ዞር አሉ።

«አባ፣ ለመሆኑ ጠመንጃው የት ነው?»

አንባቢዬ፣ ይኸን ያህል ሰዓት ስናሸት፣ ስንለካ፣ ስንከራከር ማንገቻዎቹን ጠመንጃው ላይ እንሞክራቸው ያለ ሰው አልነበረም። እኔም ጭምር። አባ ገብረ ሥላሴ ሄደው ምንሽሩን አመጡ። ታደገ የራሱን ማንገቻ ከጠመንጃው ቀለበት ሊያሾልክ ሞከረ፤ አልገባም። ጠመዘዘው፤ አልገባም። ጫፉን በምራቁ አረጠበው … ያው ነው። ቀለበቱ ዝጎ ጠቦ ነው አለ። ከሽማግሎቹ አንዱ ማንገቻውን ተቀብለው አገላብጠው አዩትና ደጀን ላይ የሚቆሙ የጭነት መኪናዎች ሸራቸውን የሚያስሩት በእንዲህ ያለው ነው አሉ።

«እንግዲያ አንዱ መኪና ሸራው ተገልጦ አባይን እየወረደ ነው» አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ።

የእሳቸው ማንገቻ የገዛ ቤቱ እንደሚገባ ሰው በሁለቱም ቀለበት ሰተት ብሎ ገባ። አባ ገብረ ሥላሴ ወደ እኔ ተመለከቱ።

«አቶ ጋዜጠኛ፣ አፍንጫዎ አሁን ምን ይላል?»

ደብተሬ ላይ «እውነተኛ» ያልኩትን ሰርዤ ከታች ወዳለው የወይዘሮዋ መስመር አወረድኩት።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተሩብ ላይ ጠመንጃው ለወይዘሮ ጥሩወርቅ ተሰጠ። ተቀበሉና ማንገቻውን ከቀለበቱ ፈቱት፤ ከደጅ ሕፃን ታቅፋ ለቆመችው የመጨረሻ ልጃቸው ሰጧት። እሷ ልጇን አዘለችበት። እሳቸው ምንሽሩን በነጠላቸው ጠቅልለው ታቀፉትና ሁለቱም ወደ ቤታቸው ሄዱ።