የህንድ ስጎ በአማት ፊት

ወንድ ልጅ ወጥ ቤት የሚገባው ወይ ሲርበው ነው፣ ወይ ጉራው ሲነሳበት። ርቦት ቢገባ ግድ የለም፤ ዳቦ ቆርሶ ይወጣል። ጉራው ሲነሳበት ግን… የጎረቤት ያለህ!

የኔው ባለፈው ቅዳሜ ተነሳ። አማቴ ከገረሴ ሊጠይቁን ይመጣሉ። እሳቸው ደግሞ ስለ እኔ የጸና አቋም አላቸው፤ «የልጄ ባል ከመብላት ሌላ ሙያ የለውም» ይላሉ። ያልሰማ ዘመድ የለም። እናላችሁ፣ ይህን ስም ላድስ ብዬ ለሚስቴ ለአስቴር ምን ብላት ጥሩ ነው? «ዛሬ ወጥ ቤት ዝር እንዳትዪ! የምሠራው እኔ ነኝ!» አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

የተማመንኩት ከሲቀላ በገዛሁት አንድ ጠርሙስ የህንድ ስጎ ነው። ሥጋ ላይ ገልብጦ ማሞቅ ብቻ! ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው ፎቶ ራሱ ያጠግባል።

«ሽንኩርቱን ልክተፍልህ?» አለች አስቴር በሩ ላይ ቆማ።

«ምን ሽንኩርት! ሁሉም ጠርሙሱ ውስጥ አለ።»

«በርበሬስ?»

«አለ አልኩሽ!»

«እስቲ እናያለን…»

ዶሮውን ቀቅዬ ስጎውን ገለበጥኩበት። ቀላ ብሎ አማረ። እዚህ ላይ ባቆም ደህና ነበር… ግን አማት ፊት ዶሮ ያለ እንቁላል ይቀርባል እንዴ? ነውር ነው! እንቁላል ቀቅዬ፣ በቢላ ጫር ጫር አድርጌ ጨመርኩበት። እንጀራ ላይ ሲወጣ፣ አቤት! ቁርጥ የፋሲካ ዶሮ ወጥ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው።

አማቴ ገና ሲያዩት በደስታ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ከዚያ ቆመው ጸለዩ፤ ያውም ረጅም ጸሎት። «ጌታ ሆይ፣ ይሄን ልጅ ስላማሁት ይቅር በለኝ» ሲሉ ቁመቴ የጨመረ መሰለኝ። ተንሰፍስፌ አንድ ትልቅ ጉርሻ አጎረስኳቸው።

አላመጡ… ቆም አሉ… እንደገና አላመጡ…

«ልጄ፣» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «እዚህ ቤት የታመመ አለ?»

«ኧረ የለም እማማ!»

«ታዲያ ይሄ አልጫ፣ በዚያ ላይ ስኳር ያለበት፣ ለማን ነው?»

«የህንድ ነው እማማ…»

«ውይ! ህንዶችን እግዚአብሔር ይርዳቸው።»

አስቴር ዳጣውን፣ ያንን እሳት የሆነ በርበሬያችንን ይዛ ደረሰች። አማቴ ግን ሳይነኩት እንደገና ተነስተው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«እማማ፣ ቅድም ጸልየናል እኮ!»

«ቅድም የጸለይኩት ለዶሮ ወጥ ነው!»

ያሁኑ ጸሎት አጭር ነበር። «ጌታ ሆይ፣ ቅድም ያልኩትን እንዳልተባለ ቁጠርልኝ። ለዚህም ልጅ ሽንኩርትን ግለጥለት!»

«አሜን!» አለች ሚስቴ። ድምፅዋ ኩልፎ ወንዝ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

የእናት ጸሎት ለካ ፈጥኖ ነው የሚሰማው! ከዚያን ቀን ወዲህ የቤታችን ሽንኩርት ከታፊ እኔ ሆኛለሁ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ትሉ የለ? እናንተዬ፣ አንጀት ድረስ መሄድ ምን አስፈለገ… አንድ ራስ ሽንኩርት ይበቃል!