የዶክተር ኤልሳዕ «ገና ነው»

የምሥራች ይዛችሁ ስትሮጡ ቀዝቃዛ ውሃ የሚቸልስባችሁ ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ለሶዶ የደረሳት ግን የሁሉም አለቃ ነው፤ ሊቀ ጥርጣሬ ዶክተር ኤልሳዕ። «በቆሎው ዘንድሮ ይሰጣል?» ስትሉት «ገና ነው» ይላል። ለልጃችሁ ሽማግሌ መላካችሁን ብትነግሩት «እሺ ብለዋል እንዴ? ገና ነው» ይላል። ቸርች ውስጥ አንዱ ተፈወስኩ ብሎ ሲመሰክር፣ ጉባኤው «ሃሌሉያ!» ሲል፣ እሱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «በምርመራ ተረጋግጧል?» ይለኛል።

ሥራው የዕፅዋት ምርምር ነው። ከዳሞት ተራራ ግርጌ አንድ ቅጠል ይለቅማል። ስሙን አልጽፍም፤ ከጻፍኩት ነገ ገበያ ላይ በኪሎ ይሸጣል። ያደርቀዋል፣ ይፈጨዋል፣ ጭማቂውን ያጣራል። ከዚያ አዲስ አበባ ወስዶ በላቦራቶሪ ሳህን ውስጥ በሚያድጉ የጡት ካንሰር ሴሎች ላይ ይሞክረዋል። በሴሎቹ መሃል አንድ መስመር ይጭርና ይጠብቃል፤ ካንሰሩ ክፍተቱን ይሻገራል ወይስ ባለበት ይቆማል?

አምና ሚያዝያ ላይ ሲመለስ ስልኩ ላይ ሁለት ፎቶ አሳየኝ። ጭማቂው ያልገባበት ሳህን ላይ ክፍተቱ ተደፍኗል። ጭማቂው የገባበት ላይ መስመሩ እንደተጫረ አለ።

«ቆመ!» አልኩ።

«ሳህን ላይ» አለ። «ገና አይጥ ላይ አልተሞከረም። መጠኑ አይታወቅም፣ መርዝ ይሁን አይሁን አይታወቅም። ሰው ጋ ለመድረስ ገና ነው።»

እኔ ግን የሰማሁት የራሴን ቃል ብቻ ነበር። ታላቅ እህቴ ሽታዬ፣ የገሱባ ነዋሪ፣ የጡት ካንሰር ተገኝቶባት ለቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ተይዞላት ነበር። ቤት እስክደርስ እንኳ አልታገስኩም፤ መንገድ ላይ ቆሜ ደወልኩላት።

«እትዬ፣ መድኃኒቱ ተገኘ! የኛው ኤልሳዕ አገኘው!»

የቅጠሉን ስም ስነግራት ስልኩ ውስጥ እልል አለች። ድሮም ቢላዋውን ትፈራ ነበር፤ በቀጠሮዋ ቀን ሆስፒታል ሳትሄድ ቀረች።

ኤልሳዕ ሲሰማ አልተቆጣኝም። ሞተር ሳይክሉን አስነሳና «ውጣ» አለኝ። በዚያ ጎርበጥባጣ መንገድ ከኋላው ተፈናጥጬ ገሱባ ገባን።

«እህቴ፣ ቀጠሮሽ አልፏል እኮ» አላት።

«ለምን ልቆረጥ? አንተ አግኝተህ የለም እንዴ?»

«እኔ ያገኘሁት ሳህን ውስጥ ነው። አንቺ ሳህን አይደለሽም።»

«ለሀብታም ልትሸጠው ነው እንጂ!» አለችው።

ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። በሦስተኛው በሩን አልከፈተችለትም። ዝናብ እየወረደበት በበሩ ስንጥቅ በወላይትኛ ሲለምናት ሰማሁ። ያ ሁሉ ትምህርት፣ ያ ሁሉ ጥርጣሬ፣ ከአንዲት ጣውላ ፊት ቆሞ እንደ ልጅ ያለቅሳል።

ሽታዬ ቅጠሉን ራሷ አስለቅማ አምስት ወር ጠጣች። ወደ ሆስፒታል ስትመለስ ካንሰሩ ሳንባዋ ደርሶ ነበር። ጥር ላይ ቀበርናት።

ኤልሳዕ ለቅሶ መጣ። አክስታችን ቦሼ ገና ስታየው ከመቀመጫዋ ተነሣች።

«መድኃኒቱን ደብቀህ ልጄን የገደልካት አንተ ነህ!»

ኤልሳዕ ዞር ብሎ አየኝ። «ተገኘ ብሎ የደወለላት ወንድሟ ነው» ቢል ነገሩ ያልቅ ነበር። እኔ ጫማዬን አየሁ።

«ይቅር በይኝ፣ እናቴ» አለና ተቀመጠ።

ሦስቱንም ቀን መጣ። አግዳሚ ወንበር ተሸከመ፣ ለለቀስተኛ ውሃ አደለ። ማንም አላናገረውም፤ እኔም ጭምር። ዛሬ ድረስ ገሱባ ውስጥ ስሙ «መድኃኒት ደባቂው» ነው። በዚህ ከተማ እንደ እሱ የሚያናድደኝ ሰው የለም፤ እንደ እሱ የምወደውም የለም።

አክስቴ ማንበብ አትችልም። ቅዳሜ ይህ ጽሑፍ የወጣበትን ጋዜጣ ይዤ ገሱባ እሄዳለሁ፤ እያንዳንዱን መስመር በወላይትኛ እነግራታለሁ። ኤልሳዕን አብረን እንሂድ ብዬው ነበር።

«ብቻህን ሂድ» አለኝ። «እኔ ካለሁ፣ እኔን ለማዳን የምትዋሽ ይመስላታል።»