የየካቲት ፀሐይ በቪዲኮን

አስቀድሜ ይቅርታ ልጠይቅ። የእጅ ጽሑፌ አያምርም፤ ፊደልም እስታለሁ። የትኛው "ሰ" የት እንደሚገባ ዛሬም ድረስ አልተለየልኝም። የተማርኩት ሎጊያ ነው፤ አፋር ውስጥ፣ የጅቡቲ ከባድ መኪኖች በሚያልፉበት መንገድ ዳር። ስምንተኛን እንደምንም ጨረስኩ። እንደምንም የምለው ሙቀቱ ሲብስ ትምህርት ቤቱ ስለሚዘጋ ነው። ሳይዘጋም ቢሆን ደብተሩ ላይ የሚንጠባጠበው ላብ የጻፍኩትን ያጠፋው ነበር። ከዚያ እዚህ ዙሪክ መጣሁና አሁን ደግሞ የጀርመኖቹን ፊደል ስጽፍ እውላለሁ። እንግዲህ ከተሳሳትኩ ጥፋቱን በሙቀቱ ላይ ጣሉት።

ለነገሩ ላወራችሁ የፈለግሁትም ስለ ሙቀት ነው።

እዚህ አገር ሰው ስለ አየር ሲያወራ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አሳንሰር ውስጥ፣ ፌርማታ ላይ፣ ቆሻሻ ሊጥሉ ሲወርዱ። "ዛሬ ደስ ይላል" ይላል አንዱ። "አዎ፣ ደስ ይላል" ይላል ሌላው። በቃ፣ አለቀ። መጀመሪያ ሰሞን ይገርመኝ ነበር። እኛ ጋ አየር የሚጠየቀው እንደ በሽተኛ ነው። እንዴት አደረ? ደመና ታየ? ትንሽ ተሻለው? ይባላል። የሚመልሰውም ሰው እንደ አስታማሚ አስቦ ነው የሚመልሰው። ዝናብ ዘገየ ማለት የሆነ ሰው ፍየሎች እያለቁ ነው ማለት ነዋ። እንዲህ ያለውን ነገር አሳንሰር ውስጥ እንዴት ታወራዋለህ?

በእኛ ቤት ደግሞ ነገሩ ይብሳል። አባቴ የሜትሮሎጂ ባለሙያ ነበር። ሎጊያ አጠገብ በነበረች አንዲት ትንሽ ጣቢያ ሙቀትና ዝናብ ሲለካ ነው የኖረው። ዝናብ ስል እየቀለድኩ ነው። ጠዋት ጠዋት ሄዶ የዝናብ መለኪያውን ያያል፤ ባዶ ነው። ባዶ ብሎ ይጽፋል። በማግስቱም እንዲሁ። አንድ ቀን ግመል እየነዱ የሚያልፉ የአፋር ሽማግሌ ቆመው አዩትና፣ እዚያ ቆርቆሮ ውስጥ ምን ትፈልጋለህ ብለው ጠየቁት። ዝናብ አላቸው። አገኘህ? አሉት። አላገኘሁም አለ። ታዲያ ላለማግኘትህ መንግሥት ደሞዝ ይከፍልሃል? አሉት። አዎ ሲላቸው ግመላቸውን ተደግፈው ረጅም ጊዜ አሰቡና፣ እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ሳላገኝ ነው የኖርኩት፣ ለእኔስ ማን ይክፈለኝ ብለውት ሄዱ። አባዬ ይህን እየሳቀ ነው የሚያወራው። ሁልጊዜ ግን መጨረሻው ላይ፣ እውነታቸውን ነው፣ ይላል።

አሁን አባዬ ክሎተን አውሮፕላን ማረፊያ ወለል የሚያጥብ ማሽን ይገፋል። የምንኖረው አልትሽቴተን የሚባል የዙሪክ ሰፈር ነው። ማሽን በመግፋቱ አማርሮ አያውቅም። የሚያማርረው ሰማዩን ነው። ከሥራ ሲመለስ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ በቀጥታ ወደ በረንዳ ይወጣል። እዚያ ጥላ ያለበት ጥግ ላይ ቴርሞሜትር ሰቅሏል። ያየዋል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ይገባል። ማንም አላዘዘውም፤ ማንም አይጠይቀውም።

ዘንድሮ ያ ራስ እረፍት አላገኘም። በየካቲት ብርድ መሆን ነበረበት። ሰው ግን በካናቴራ ወጥቶ ሐይቁ ዳር አይስክሬም ይልሳል። ያበደች ንብ እንኳ አይቻለሁ። አባዬ ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ በመሃላቸው ያልፋል፤ ለቅሶ የሚደርስ ነው የሚመስለው። ለምን አታወልቀውም ስለው፣ "ወሩ የካቲት ነው፤ እኔ የማከብረው ወሩን ነው" አለኝ።

የምንሰበሰብባት ቤተ ክርስቲያን ትንሽ ናት። አንድ እሁድ ከአምልኮ በኋላ ወንድሞች ፀሐይ እየሞቁ ደጅ ቆመው ሲሳሳቁ አባዬ፣ ይሄ ጤና አይደለም አላቸው። እምቡጡ ያለጊዜው ይወጣል፤ ከዚያ ውርጭ ይመታዋል፤ ተራራው ላይ በረዶ ካልተኛ በበጋ ወንዙ በምን ይሞላል? እያለ ቀጠለ። አንዱ ትከሻውን ይዞ፣ "ወንድም ግርማ፣ ሲበርድ ታማርራለህ፣ ሲሞቅ ታማርራለህ። መንግሥተ ሰማያትም የምትገባው ቴርሞሜትርህን ይዘህ ነው?" አለው። ሁሉም ሳቀ። አባዬም አብሮ ሳቀ። ወደ ቤት ስንመለስ ግን ትራሙ ውስጥ በመስኮት ሰማዩን እያየ ራሱን ሲነቀንቅ ነበር።

ወደ ራሴ ልምጣ። እዚህ አገር እንደ እኔ ያለ ወጣት ሌሬ የሚሉትን የሥራ ሥልጠና ማግኘት አለበት። የሚያሠለጥንሽን መሥሪያ ቤት ራስሽ ፈልገሽ፣ ራስሽን አስወድደሽ ነው የምትገቢው። ዓይን አፋር ሰው ራሱን እንዴት ያስወድዳል? ብዙ ቦታ አመለከትኩ፤ ሁሉም በጨዋ ቋንቋ መለሱኝ። ዓመቱ ሳያልቅ ካላገኘሁ ቋንቋ የምማርበት የጀማሪዎች ክፍል ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ክሎተን ሄጄ ከአባዬ ጎን ማሽን መግፋት ነው። አባዬ ደግሞ ይህን መስማት አይፈልግም። "ክሎተንን ስትሳፈሪ ብቻ ነው የምታውቂያት" ይለኛል።

በመጨረሻ ቪዲኮን የሚባል ሰፈር ውስጥ ያለ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ለአንድ ሳምንት ሙከራ ተቀበለኝ። ሽኑፐርን ይሉታል፤ ማሽተት ማለት ነው አሉ። ማን ማንን እንደሚያሸት ግን አልነገሩኝም።

ሥራው አልከበደኝም። አልጋ ማንጠፍ፣ ሾርባ ማቅረብ፣ ካልሲ ማልበስ፣ ይሄ ምን አለው? የከበደኝ ማውራቱ ነው። እኔ ሰላምታ እንኳ በልቤ ተለማምጄ ነው የምናገረው፤ ስለማመድ ሰውየው አልፎ ይሄዳል። ኃላፊዋ ጠራችኝና፣ እጅሽ ጥሩ ነው፣ ግን ዝምታሽ አረጋውያኑን ያስፈራቸዋል፣ አውሪያቸው አለችኝ። ስለ ምን? አልኳት። ስለ አየሩ አለችኝ።

ይህን ለአባዬ ስነግረው ፊቱ በራ። "ስለ አየሩ? እነሱ ራሳቸው ናቸው አውሪ ያሉሽ?" አለኝ ደጋግሞ። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠኝ። ድንቹን መሬት አደረገው፤ ክዳኑን ደመና፤ የእጅ ባትሪውን ፀሐይ። በሙቀት ተታልሎ የወጣ እምቡጥ በአንድ ሌሊት ውርጭ እንዴት እንደሚጠቁር አሳየኝ። እንዲህ ሲያወራ አይቼው አላውቅም፤ እሱ ከሎጊያ ቀድሞን ሲወጣ እኔ ገና ትንሽ ልጅ ነበርኩ። በመሃሉ እየተነሳ ይንጎራደዳል። እራታችን ቀዘቀዘ። እኔም ሁሉንም ወደ ጀርመንኛ እየመለስኩ በቃሌ ያዝኩት።

በማግስቱ ፍራው፣ ማለትም ወይዘሮ፣ ኬለር የሚባሉ አሮጊት በረንዳ ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ፀሐይ ይሞቃሉ። አጠገባቸው ሄጄ ቆምኩ። "ዛሬ ደስ ይላል" አሉኝ።

"አይ ፍራው ኬለር፣ ደስ አይልም" አልኳቸው።

ዓይናቸውን ገለጡ። ያጠናሁትን አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። እምቡጡን፣ ውርጩን፣ በረዶ ያልተኛበትን ተራራ፣ የሚጎድለውን ወንዝ። ለካ ፍራው ኬለር የገበሬ ልጅ ናቸው፤ ያደጉት የቼሪ ዛፎች መሃል ነው። "ቼሪዎቹ ሁሉ ይሞታሉ?" አሉኝ። ውርጭ ከመታቸው አዎ፣ አልኳቸው። ምን ልበል? የተጠየቅኩትን ነው የመለስኩት። አስገቢኝ አሉ። ሾርባቸውን አልነኩም። ጠረጴዛው ላይ ላሉት ሁሉ ነገሩ። አንድ ሽማግሌ ለልጄ ደውሉልኝ፣ ዛፎቹን ይሸፍን ብለው አስቸገሩ፤ ዛፎቹ ድሮ ተሸጠዋል። የዚያን ቀን ምሳ የበላ ሰው ጥቂት ነው።

ኃላፊዋ ኮሪደር ላይ ያዘችኝ። ምን ነገርሻቸው? ስለ አየሩ አልኳት። "እኔ ስለ አየሩ ስልሽ፣ ስለ አየሩ ማለቴ አይደለም" አለችኝ። እስቲ ይሄን ተርጉሙልኝ።

እኔ ዝም ብል ደግሞ ሰማዩ ዝም አላለም። ከሁለት ቀን በኋላ ከሰሃራ አቧራ መጣ። ብርሃኑ ቢጫ ሆነ፤ መኪናዎቹ ዱቄት የተነፋባቸው መሰሉ። ነርሶቹ በስልካቸው ፎቶ ያነሳሉ። እኔን ግን ሸተተኝ። ያንን ሽታ አውቀዋለሁ። ሎጊያ አቧራ ሲነሳ አንሶላ በውሃ ይነከርና በር ላይ ይሰቀላል፤ አቧራው እዚያ ይቀራል። እጄ ከእኔ ቀድሞ ሄደ። ወደ በረንዳ በሚወስዱት በሮች ሁሉ ላይ እርጥብ ነጭ አንሶላ ሰቀልኩ። ጥቂት ቆይቶ ጭቃ የቀላቀለ ዝናብ ጣለና አንሶላዎቹን የበርበሬ ማድረቂያ አስመሰላቸው። ማንም አልተቆጣኝም። እየተጠራሩ መጥተው አዩኝ እንጂ። እኔ ቁጣውን እመርጥ ነበር።

የመጨረሻው ቀን ጠዋት እማዬ ደወለች። እማዬ እዚያው ሎጊያ ናት፤ ወረቀቷ አላለቀም። ለሹፌሮች ቀዝቃዛ ውሃ ትሸጣለች። ያለፈው ዝናብ ቀርቷል፤ አፋሮቹ ሱጉም የሚሉት የመጋቢቱ ዝናብ ደግሞ ምልክቱም የለም አለችኝ። የጎረቤታችን የፋጡማ ፍየሎች ካርቶን እየበሉ ነው አለችኝ። ያውም ካርቶኑን ከእኔ ነው የምትወስደው አለችኝ። ከዚያ፣ እናንተስ ጋ እንዴት ነው? አለች። እዚህም ሞቋል አልኳት። "እሰይ፣ እንኳን ብርድ አልመታሽ" አለችኝ።

መሥሪያ ቤት ስደርስ ኃላፊዋ ቢሮዋ አስቀመጠችኝ። እጅሽን ወድጄዋለሁ፣ ልብሽንም ወድጄዋለሁ፣ ግን ፍራው ኬለር ከአንቺ ጋር ብቻቸውን መቀመጥ ፈርተዋል አለች። አሁን ሂጂና አንድ ጥሩ ነገር ንገሪያቸው፤ አንድ ብቻ፤ ከዚያ ስለ ሌሬው እንነጋገራለን አለችኝ።

ገባሁ። ፍራው ኬለር የምርመራ ውጤት ይዞ የሚገባ ሐኪም የሚታይበትን አስተያየት አዩኝ። "ዛሬስ?" አሉኝ።

አባዬ ድንቹን ይዞ ሲንጎራደድ ታየኝ። ከዚያ ክሎተን ታየችኝ።

"ዛሬ ደስ ይላል" አልኩ።

"ውርጩስ?"

"አይመጣም።"

"ቼሪዎቹስ?"

"ምንም አይሆኑም ፍራው ኬለር።"

እጄን ያዙኝ። ሾርባቸውን ጨረሱ። ከሰዓት በኋላ ሌሬው ያንቺ ነው ተባልኩ።

ውርጩ በሚያዝያ መጣ። ቴሌቪዥኑ ገበሬዎች ዛፎቹን ለማሞቅ በየሥሩ ሻማ ሲያበሩ አሳየ፤ እስከ ጥግ ድረስ ሻማ ብቻ። ፍራው ኬለር አጠገቤ ተቀምጠው ሲያዩ ቆዩና፣ "እንዴት ያምራል፣ ገና ይመስላል" አሉ። እኔም ያምራል አልኳቸው። ሥራዬ ነው።

ከዚያ አንድ እሁድ ከአባዬ ጋር በባቡር ጄኔቭ ሄድን። የድሮ የሥራ ጓደኛው ጋሼ ተካ ምሳ ጠርቶን ነው። ጋሼ ተካ ከአንድ ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት ጡረታ የወጣ፣ ሰው በነገር መንካት የሚወድ ሰውዬ ነው። አባዬ ገና ካፖርቱን ሳያወልቅ ጀመረ። ልጄ ለስዊዞቹ አየሩን አስረድታ ነው ሥራ ያገኘችው፤ ውርጭ ይመጣል አለቻቸው፤ ይኸው መጣ አለ።

"ግርማ፣ ስዊዞች ሬድዮ የላቸውም መሰለህ?" አለው ጋሼ ተካ።

"ሬድዮማ አላቸው። የሚያስረዳቸው ሰው ነው ያጡት።"

"እና አንተ ከክሎተን ወለል ላይ አስረዳሃቸው።"

"እኔ አይደለሁም፤ እሷ ናት" አለና ወደ እኔ አመለከተ። ጋሼ ተካም፣ እስቲ የኔ ልጅ ንገሪን፣ ምን ብለሽ አስረዳሻቸው? አለኝ። ሁሉም ማኘኩን አቁሞ አየኝ። ሳህኔን አየሁ። አባዬ ዓይን አፋር ናት አለና እኔን ሆኖ መለሰልኝ። እምቡጡን፣ ውርጩን፣ ወንዙን። ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ ነበር የተቀመጠው። እዚህ አገር ከመጣሁ እንደዚያ ሲቀመጥ ያየሁት ያኔ ነው። ታዲያ እኔ ምን ልበል?

ለአባዬ ያልነገርኩትን አሁን አውቃችኋል። ሥራውን ያገኘሁት ያስተማረኝን ክጄ ነው። ይሄንን ቢሰማ እንኳ በረንዳ ወጥቶ ቴርሞሜትሩን ያያል እንጂ አይጣላኝም። ለማንም ያልነገርኩት ሌላ ነው። ያን ጠዋት የእማዬን ስልክ እንደዘጋሁ ካፖርቴን አውልቄ ክንዴ ላይ አድርጌ ነው ወደ ቪዲኮን የሄድኩት። ፀሐይዋ አንገቴ ላይ አረፈች። ፀሐይ እየሞቅሁ በእግሬ ልሂድ ብዬ አንድ ፌርማታ ቀድሜ ወረድኩ። ስለ ፍየሎቹ የሰማሁት ገና ያኔ ነው፤ አልረሳኋቸውም። ለፍራው ኬለር ስለ ውርጩ ዋሽቻለሁ፣ ስለ ቼሪዎቹም ዋሽቻለሁ። ስለ ቀኑ ግን አልዋሸሁም። ደስ ይል ነበር።