የጋሽ ሳህሌ ውፍረት

(አቃቂ፣ በንጉሡ ዘመን። የአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በር፣ የመውጫ ሰዓት። የሽመና ክፍሉ ካቦ ሳህሌ ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ቆሟል። ፈታሿ ዳሲቱ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች።)

ሳህሌ፦ መወፈር ወንጀል ነው ወይ? እሱን ንገሪኝ።

ዳሲቱ፦ ኧረ አይደለም ጋሽ ሳህሌ። ጠዋት ሲገቡ ቀጭን ስለነበሩ ነው።

ሳህሌ፦ ምሳ በላሁ።

ዳሲቱ፦ ምን በሉ?

ሳህሌ፦ ሽሮ።

ዳሲቱ፦ የኛ ቤት ሽሮ እንዲህ አድርጎ አያውቅም።

ሳህሌ፦ ይልቅ አሳልፊኝ፣ ባቡሩ ሊያመልጠኝ ነው። ደግሞ ወንድ የሚፈትሸው ታጁ የት ሄደ?

ዳሲቱ፦ ትናንት ተባረረ። ጉቦ እየበላ ያሳልፋል ተብሎ። አለቆቹ «ሴት ጉቦ አትበላም» ብለው የሴቱንም የወንዱንም ሰልፍ ለኔ ሰጡኝ። አንድ ጣቃ ጨርቅ ከጠፋ ግን እኔም ተባራሪ ነኝ። ልጆቼ የሚበሉት ከዚች በር ነው።

ሳህሌ፦ ሴት ጉቦ የማትበላው ጨዋ ሆና መሰለሽ? ሰጪ አጥታ ነው።

ዳሲቱ፦ እኔንጃ። እስካሁን ማንም አልሞከረኝም።

ሳህሌ፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) ለአንድ ቀሚስ የሚሆን አቡጀዲ ነገ ላምጣልሽ?

ዳሲቱ፦ ከየት ያመጣሉ?

ሳህሌ፦ ከ... ከመርካቶ።

ዳሲቱ፦ ጨርቅ ከሚሠራበት ወጥተው መርካቶ ድረስ? አይድከሙ ጋሼ።

ሳህሌ፦ (ለራሱ) ከድንጋይ ጋር ነው የማወራው። (ጮክ ብሎ) ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን አንብበሻል?

ዳሲቱ፦ ፊደል አልቆጠርኩም።

ሳህሌ፦ «ለሴት ፈታሽ የወንድ ገላ መንካት ክልክል ነው» ይላል። ያስለጠፍኩት እኔ ነኝ። ነውር ነዋ!

ዳሲቱ፦ እውነትዎን ነው። ገላ ብቻ ነው የሚለው?

ሳህሌ፦ ገላ ብቻ። ሌላ ምን አለኝ?

ዳሲቱ፦ እንግዲያው አልነካዎትም። ይሂዱ።

ሳህሌ፦ (ወደ በሩ እየዞረ) እንዲህ ነው እንጂ። ለዚህ ነው በር ለሴት አይሰጥም የምለው።

(ከካፖርቱ ሥር ነጭ ጨርቅ ይንጠለጠላል። ዳሲቱ ከበርጩማዋ ሳትነሳ ጫፉን ትይዛለች። ሳህሌ ቀጥ ይላል።)

ሳህሌ፦ ደንቡን ጣስሽ!

ዳሲቱ፦ ኧረ ገላዎን አልነካሁም። የያዝኩት የፋብሪካውን ጨርቅ ነው።

ሳህሌ፦ ልቀቂኝ!

ዳሲቱ፦ እርስዎን ማን ያዘዎት? ይሂዱ፣ ባቡሩ ያመልጥዎታል።

(ባቡሩ ይጮኻል። ሳህሌ ሊሮጥ ሲል ገላው ላይ የጠመጠመው ጨርቅ እየተፈታ ይሾራል፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሰባት ጊዜ። ካፖርቱ ይሰፋዋል።)

ዳሲቱ፦ (ጨርቁን ጉልበቷ ላይ እያጠፈች) አሁን ገና አወቅኩዎት ጋሽ ሳህሌ። ጠዋት የገቡት እርስዎ ነዎት። ቀጣይ!