አያ ሰይድ ያልሸጡት በሬ

በእርዳታ ድርጅት ተቀጥሮ አጭር ልቦለድ የሚጽፍ ሰው ኑሮው ትንሽ ግራ ነው። በሥራ ሰዓት የምጽፈው ሪፖርት ነው፤ እዚያ ላይ ገበሬው ሁሉ የውሃ ፓምፕ በተተከለለት ማግስት ያልፍለታል። ከሥራ ስወጣ ያንኑ ገበሬ ልቦለድ ውስጥ አስገብቼ መልሼ አደኸየዋለሁ። ምን ላድርግ? እናንተስ ብትሆኑ የደላው ሰው ታሪክ ትጨርሳላችሁ?

የሮቢቱን ገበሬ አያ ሰይድንም ያደኸየኋቸው እንዲሁ ነው። በልቦለዱ ላይ ስማቸውን ለውጫለሁ። አንድ ቀንዱ ወደ ታች የተጣመመውን ዳልቻ በሬያቸውን ግን፣ ስለማረከኝ፣ ከነቀንዱ ወሰድኩት። በልቦለዴ ውስጥ ሰውዬው የታመመች ሚስቱን ለማሳከም ዳልቻውን ይሸጣል። ታሪኩ በሬዲዮ ተነበበና ከጎብዬ እስከ ዋጃ ያለ ሰው ሁሉ በሬውን አወቀው።

ለካ የአያ ሰይድ ልጅ ለአንድ የጎብዬ ነጋዴ ልጅ ታጭታ ኖሯል። ታሪኩ በተነበበ ሰሞን የልጁ አባት «እንደገና መጥተን እንነጋገር» ብለው ላኩ። አያ ሰይድ በቀጥታ ወደ ቢሮዬ መጡ።

«በሪፖርትህ አበልጽገኸኝ ማንም አላመነህ፤ በሬዲዮ አደኽይተኸኝ አገር ሙሉ አመነህ! ልጄን ከትዳር ልታስቀርብኝ ነው። መጥተህ ውሸቴን ነው በል።»

ሄድኩ። ዳልቻው ደጅ ታስሮ ያመሰኳል። እኔ ሽማግሌዎች ፊት ቆሜ ሚስትም አልታመመች፣ በሬም አልተሸጠ፣ ሁሉንም ከራሴ ፈጥሬው ነው ብዬ ማልኩ። እንደዚያ ቀን ተጨንቄ አላውቅም። የልጁ አባት ፊት ግን ጭራሽ ጠቆረ።

«እኛ እኮ ደስ ብሎን ነበር የመጣነው» አሉ። «ለሚስቱ ሲል በሬውን የሚሸጥ ሰው ያሳደጋት ልጅ፣ ወላሂ፣ ሰርጉን እናፍጥነው ብለን። ውሸት ከሆነማ...»

አያ ሰይድ ዞረው አፈጠጡብኝ። እኔም መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ይኼኔ ባለቤታቸው ከመጋረጃው ጀርባ ድምፃቸውን አሰሙ።

«በሬውን አልሸጠም፤ ላሚቱን ነው። ታምሜ ሆስፒታል ስገባ ለኔ ብሎ ሸጣት። ተቸገረ እንዳይባል ጅብ በላት ብሎ አስወራ።»

አያ ሰይድ አቀረቀሩ። የልጁ አባት ፊታቸው ፈካ፤ ሽማግሌዎቹም ለዱዓ እጃቸውን ዘረጉ።

ስወጣ አያ ሰይድ ክንዴን ይዘው ወደ ጎን ወሰዱኝ።

«የላሚቱን ነገር ማን ነገረህ?»

ማንም አልነገረኝም ብል፣ ብምል ብገዘት፣ ማን ሰምቶኝ። እስካሁን ጎረቤታቸውን ነው የሚጠረጥሩት።