ለዱባ ስለ ተጠየቀው የእድር ድንኳን

ቀን፦ እሑድ ኅዳር 18 ቀን 1964 ዓ.ም.
ቦታ፦ አሰላ፣ በአቶ አስናቀ ጎሚስታ ቤት
ሰዓት፦ ከቀኑ 8 ሰዓት ተጠርቶ፣ እንደ ልማዳችን 9 ሰዓት ከሩብ ላይ ተጀመረ።

የተገኙ አባላት
1. አቶ ገብረ መድህን፦ ሰብሳቢ፤ ከፍርድ ቤት መዝገብ ቤት በጡረታ የተሰናበቱ፣ መዝገብ ቤቱ ግን ከርሳቸው ያልተሰናበተ
2. አቶ ኸይሩ፦ ባለሱቅ፤ የእድሩ ንብረት ጠባቂ
3. አቶ አስናቀ፦ ባለ ጎሚስታው
4. ወ/ሮ ፋጡ፦ ድንች ነጋዴ፤ የአመልካቹ ጎረቤት
5. አቶ አበጋዝ፦ አመልካች
6. መምህር በዛብህ፦ ጸሐፊ፤ ጽሕፈቱ ያምራል ተብሎ በሌለበት የተመረጠ

ምልዓተ ጉባኤ፦ በደንቡ ሰባት ሰው ያስፈልጋል፤ የመጣው ስድስት ነው። አንድ የሮቤ ሾፌር ጎማ ሊያስለጥፍ ሲገባ ሰብሳቢው «ይቀመጡ» ስላሉት ተቀመጠ፤ ጉባኤውም ሞላ። ሾፌሩ ጎማው እንዳለቀለት ሄዷል። መሄዱን ማንም ስላልተቃወመ እንዳለ ተቆጥሯል።

አጀንዳ 1፦ ዱባን ድንኳን ስለ ማልበስ

አመልካቹ ጓሯቸው ውስጥ ዱባ እንዳላቸው፣ ለመብሰል ሦስት ሳምንት ያህል እንደቀረው፣ ከረቡዕ ወዲህ ግን ውርጩ ሰፈሩን እየለበለበ መምጣቱን ገልጸው ዱባው የእድሩን ድንኳን ማታ ማታ እንዲለብስላቸው ጠይቀዋል። ለምን ገለባ አያለብሱም ሲባሉ፣ አልብሰው እንደነበርና የጎረቤት ላም ገለባውን ከነቅጠሉ እንደበላችባቸው መለሱ። ወ/ሮ ፋጡ ላሟ የርሳቸው መሆኗን አልካዱም። ገለባ ከጥንትም የላም መሆኑን ግን ለቤቱ አስታውሰዋል።

ሰብሳቢው ደንቡን አውጥተው፣ ድንኳን የሚወጣው አባል ወይም የአባል ቤተሰብ ሲሞት ብቻ መሆኑን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። አቶ አስናቀ ዱባስ ቤተሰብ አይደለም ወይ ብለው ጠየቁ። ሲታይ፣ ደንቡ ቤተሰብን «ከአባሉ ጋር በአንድ ግቢ የሚኖርና በአባሉ የሚተዳደር» ይለዋል። በዚህ ላይ አርባ ደቂቃ ክርክር ተደረገ። ደንቡን ያረቀቁት ሰብሳቢው ራሳቸው ስለሆኑ ከርሳቸው በቀር ሁሉም ስቋል።

ውሳኔ ሀ፦ ረጅም ውይይት ከተደረገ በኋላ ዱባ ቤተሰብ እንዳልሆነ በአብላጫ ድምፅ ተወሰነ። የዶሮ ጉዳይ ለሌላ ጊዜ ተላልፏል።

አጀንዳ 2፦ የራስን ድንኳን በቁም ስለ መጠቀም

አቶ አበጋዝ እንደገና ተነሡ። አሥራ ሁለት ዓመት አባል ሆነው አንድም ቀን ድንኳን ተተክሎላቸው እንደማያውቅ፣ ለራሳቸው ሞት የሚገባቸውን ድንኳን አሁን በቁማቸው ቢሰጣቸው ሲሞቱ ያለ ድንኳን ቢሸኙ ቅር እንደማይላቸው ተናገሩ። ጸሐፊው እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰምቶ አያውቅም። ደንቡም ሰምቶ አያውቅም።

አቶ ኸይሩ ድንኳኑ አንድ ብቻ መሆኑን፣ ዱባው ላይ ሳለ ሌላ ሰው ቢሞት ለቀስተኛው ሜዳ ላይ እንደሚቀር አሳሰቡ። ሰብሳቢው በበኩላቸው፣ አመልካቹ ድንኳኑን ከወሰዱ በኋላ ሞተው ድንኳን ሁለት ጊዜ እንዳይወጣላቸው፣ እስከ ጥምቀት ላለመሞታቸው ዋስ ይጥሩ አሉ። አቶ ኸይሩ እኔ እሆናለሁ ካሉ በኋላ ትንሽ አሰብ አድርገው፣ ጋሽ አበጋዝ ቢሞቱ ዋሱ በምትካቸው ይቅረብ ማለት ነው ወይ ሲሉ ጠየቁ። መልስ ሳይጠብቁም ዋስትናቸውን አንስተዋል።

አቶ አስናቀ አሮጌ ጎማ አቃጥሎ ጓሮውን በጭስ ማሞቅ ይቻላል፣ ጎማውን እኔ በነጻ እሰጣለሁ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ወ/ሮ ፋጡ በዚህ ላይ በኦሮምኛ ረዘም ያለ ንግግር አደረጉ። አቶ ኸይሩ ሲተረጉሙት «አይሆንም ነው የሚሉት» አሉ። ሲተረጉሙ እንባቸው እስኪመጣ ይስቁ ስለነበር፣ ጸሐፊው ትርጉሙ ሙሉ መሆኑን ይጠራጠራል።

ውሳኔ ለ፦ ጉዳዩ ከባድ በመሆኑ ውርጩ ካለፈ በኋላ፣ በየካቲት፣ በጥሞና እንዲታይ ተወሰነ። ጸሐፊው በየካቲት የሚታይ ዱባ አይኖርም ብሎ ቢያሳስብ «ጸሐፊ ይጽፋል እንጂ አይናገርም» ተባለ። እሺ። ይኸው ጽፏል።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ሰብሳቢው ለመዝጋት ሲነሡ ወ/ሮ ፋጡ እጃቸውን ሳያወጡ ተናገሩ። ወደ አቶ አበጋዝ ዞረው «ማን እንደዘራው ይንገሯቸው እንጂ፣ ጋሼ» አሉ። አቶ አበጋዝ ቆባቸውን አውልቀው እንዲህ ብለዋል፦

«የዘራችው ተናኘወርቅ ናት። ሰኔ ላይ፣ ገና ሳትታመም። አሁን ከአልጋ አትወርድም። ጠዋት መስኮቱን ታስከፍተኝና ዘጠኙንም ዱባ አንድ በአንድ ትቆጥራቸዋለች። ቆጥራ ስትጨርስ ነው እህል የምትቀምሰው። ድንኳኑ እኔ ቤት መምጣቱ እንደማይቀር እናንተም ታውቃላችሁ፤ እኔም አውቃለሁ። አንድ ጊዜ እንኳ ለደግ ነገር ይምጣ።»

ባለቤታቸው ወ/ሮ ተናኘወርቅ መታመማቸውን የማያውቅ አባል አልነበረም። ሁላችንም ጠይቀናቸዋል፤ ጓሮውን የተመለከተ ግን ከወ/ሮ ፋጡ በቀር የለም። ጸሐፊው አፈረ። ሌሎቹም ማፈራቸው ከፊታቸው ያስታውቅ ነበር። ሰብሳቢው ደንቡን ለረጅም ጊዜ ሲያነቡ ቆዩ፤ የያዙት ዘቅዝቀው መሆኑን የነገራቸው የለም።

ከዚያ አቶ ኸይሩ ቀስ ብለው አንድ ነገር አነሡ። ድንኳን ሲተከል ያየ ሰው ሞት ነው ብሎ እያለቀሰ ቢገባ፣ ታማሚዋ የራሳቸውን ለቅሶ ተኝተው ሊሰሙ ነው አሉ። ይህ ከዛሬው ንግግር ሁሉ የመጀመሪያው ቁም ነገር ስለነበር ውይይት ሳያስፈልገው ወደ ውሳኔ ተገባ።

ውሳኔ ሐ፦
ውሳኔ ሀ እና ውሳኔ ለ ከነክርክራቸው ተሽረዋል። ሾፌሩም እንዳልነበረ ይቆጠር።
ድንኳኑ ዛሬውኑ ይውጣ። ከመንገድ እንዳይታይ ምሰሶው ይቅርና በአቶ አስናቀ አሮጌ ጎማ ላይ ዝቅ ብሎ ይዘርጋ፤ ጠዋት መስኮቱ ሳይከፈት ይነሣ።
ወ/ሮ ፋጡ ላማቸውን በገመድ ይሰሩ።
አቶ ኸይሩ በር ላይ ቆመው ለሚመጣ ለቀስተኛ ሁሉ «የሞተ የለም፤ ዱባ ነው» እያሉ ይመልሱ። ሲናገሩም ድምፃቸውን ዝቅ ያድርጉ።
ዱባው እስኪበስል የሚሞት አባል ቢኖር ለቀስተኛው በሰብሳቢው ሳሎን ይቀመጣል። ይህን ሐሳብ ሰብሳቢው ራሳቸው አቅርበው፣ ራሳቸው ደግፈው፣ ራሳቸው አጽድቀዋል። አፍንጫቸውን ደጋግመው የጠረጉት በጉንፋን ምክንያት መሆኑ እንዲጻፍም አዝዘዋል። ተጽፏል።

ስብሰባው ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ አበቃ። የአባላት ፊርማ አልተሰበሰበም፤ የሁሉም እጅ ድንኳን ይዞ ነበር።