ጉልበቴን ያዳኑ ሰዎች

የቁርጥማት ሐኪም መሆንን ለጠላቴም አልመኝም። የጥርስ ሐኪም የነቀለውን ጥርስ ያሳያል፤ ቀዶ ጠጋኙ ጠባሳውን። የዚህኛው ሥራ ግን አይታይም፤ ተፎካካሪው ደግሞ መንደሩ በሙሉ ነው። እኛ ሐረር ጉልበት ያበጠ እንደሆነ ሐኪም ያልሆነ ሰው አይገኝም። ብታብጡ ታዩታላችሁ።

ጦሩ ተበትኖ አባቴ እቤት የዋለ ሰሞን እኔ የቡና ጆንያ እሸከም ነበር። ቤቱ የሚበላው በእኔ ጀርባ ነው። አንድ ጠዋት ስነሳ ጉልበቴ ዱባ አክሏል።

ጎረቤታችን ሃምሳ አለቃ ተፈራ፣ «ብርድ ነው! ብርድን እኔ አውቀዋለሁ፤ ምሽግ ውስጥ አብረን አድረናል» ብለው በቅቤ አሹኝ። ሰነባብቶ ጉልበቴ ሟሸሸ፤ ቁርጭምጭሚቴ አበጠ። እሱን የሰፈራችን ሐጂ ዩሱፍ በጥቁር አዝሙድ ዘይት ወለወሉት። «ኢንሻአላህ ይለቀዋል» አሉ። ለቀቀውና ክርኔን ያዘ። ክርኔን ወጌሻው አሰረው፤ እሱም ዳነ። ሁሉም አሸነፉ። እናቴ ሁሉንም መረቀች። እኔ ብቻ ሐኪም ጋራ የሚባለውን ተራራችንን ባዶ ትከሻዬን መውጣት አቅቶኝ ቁና ቁና ተነፈስኩ።

ሆስፒታል የነበረው ወጣት ሐኪም ደረቴን ሲያዳምጥ ቆየ።

«አልዳንክም» አለኝ። «ቁርጥማቱ ቤት ሲቀያይር ነው የከረመው። አሁን ልብህ ላይ ነው። ሸክም ተው፤ በየወሩ መርፌ ትወጋለህ፤ ለዓመታት።»

ሃምሳ አለቃ ይህን ሲሰሙ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! እኛ ያዳንነውን ልጅ ይወጋል?»

ጅቡ ግን አልሄደም፤ ጓዳ ገብቶ ነበር። ተወጋሁ። ዓመታት አለፉ፤ ሐኪሙም ተዛውሮ ሄደ። ከሥራው የቀረው አንድ ያልሞተ ሰው ነው። ያልሞተ ሰው ደግሞ ምስክር አይሆንም።

በቀደም ሃምሳ አለቃ አስጠሩኝ። የልጅ ልጃቸው ጉልበት አብጧል፤ ልጅቷ በትኩሳት ትቃጠላለች። እሳቸው ቅቤ ይዘዋል።

«ሆስፒታል» አልኩ።

«ማን ከለከለ? ጉልበቷን እኔ ልጨርስና ልቧን ሐኪሙ ይውሰድ!»

«ልብ እንደ ጉልበት አይመለስም፣ ሃምሳ አለቃ።»

የእኔን ትንፋሽ ያውቁታል። ባጃጅ ጠራሁ። ልጅቷን ታቅፈው ገቡ፤ ቅቤውንም አልተዉትም።

ከዳነች ቅቤው እንዳዳናት መንደሩ ይመሰክራል። ይመስክር። ብቻ ትዳን።